አምስተኛው ቋጠሮ

ዘርፉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠችበት ዱካ ብረት ነበር። የበግ አጎዛ ስላለበሰችው እንጂ ዱካ አይደለም፤ የላንድሮቨር ትንሹ ካምቢዮ ነው። ትልቁ ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት ይቀበላል፤ ትንሹ ደግሞ ከእሱ ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ ያካፍላል። እሱ ከሌለ ሞተሩ ቢያገሳ ቢያጓራ መኪናዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም። ይህን ያስረዳት ባሏ አሳምነው ነው። አውልቆ ቤት ያስገባውም እሱ ነው።

አሳምነው ከቆቃ ዓሣ፣ ከቡልቡላ እህል እየጫነ ናዝሬት የሚያራግፍ ሰው ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ክረምት፣ የሶማሊያ ጦር ገባ ተብሎ አገር ሲታመስ፣ ቀበሌው «ሾፌር ሁሉ ከነመኪናው ይዝመት» ብሎ አዘዘ። አሳምነው አንድ ቅዳሜ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲፈታ ዋለ። አመሻሹ ላይ እስከ ክንዱ ዘይት ተለውሶ ወጣና፣

«እኔን ይውሰዱኝ፤ እሷን ግን አያገኟትም» አለ።

ብሎኖቹን በወተት ዱቄት ጣሳ ከትቶ አሮጌ ዘይት አፈሰሰባቸው፤ ክዳኑን በሻማ ዙሪያውን አሸገው።

«ዘርፌ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይከፍተው። እሁድ እሁድ ደግሞ ሞተሩን በእጅ ማዞሪያው ብረት አሽከርክሪው፤ ሥራ ከፈታ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል።»

«አንተን የሚያሽከረክርህስ ማነው?» ብላ ስቃ ሸኘችው። ያንን ሳቅ በኋላ ስንት ጊዜ ረገመችው።

እሱ በሄደ በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። መኪናዋን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሥሯ ባዶ ነው።

«የመኪናዋ ዕቃ የት ገባ?»

«እኔ መሃይም ምኑን አውቄ ጌታዬ? ይልቅ ይቀመጡ፤ ቆመው አይድከሙ» ብላ ከራሷ ዱካ ተነሣችለት። አጎዛው ላይ ተንሰራፍቶ፣ «አብዮቱ ንብረት የሚደብቅ አይወድም» እያለ ግማሽ ሰዓት አስፈራራት። ዘርፉም ራሷን እየነቀነቀች፣ «እውነት ነው፣ ሰው የተቀመጠበትን እንኳ አያውቅም» አለችው። ሳይገባው ሄደ።

ከአሳምነው አንድ ደብዳቤ መጣ። ጎረቤቷ አየለች አነበበችላት፤ ደህና ነኝ ይላል፤ የመኪናዋን ሞተር አዙሪ ይላል። ከዚያ ወዲያ ዝም። ለስንቱ ቤት መርዶ ገባ፤ ለእሷ መርዶም የምሥራችም አልመጣ። ሦስት ዓመት ሲሆነው ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ቁርጥሽን ዕወቂና ተዝካሩን አውጪ አሏት።

«ያልሞተ ሰው ተዝካር ልብላ የምትል ሆዳም ካለች እጇን ታውጣ» አለቻቸው። ዳግመኛ ያነሣባት የለም። እሷም እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን አጥብቃ ታስርና፣ የሞተሩን ማዞሪያ በሁለት እጇ ይዛ ታሽከረክራለች። ኩምክ፣ ኩምክ፣ ኩምክ። ሰፈርተኛው ለምዶት ነበር። እሷ ግን አልለመደችውም፤ በዞረ ቁጥር ከመኪናዋ ሥር «በርቺ» የሚላት ይመስላት ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ አየለች በባዶ እግሯ እየሮጠች ገባች።

«እትዬ ዘርፉ! እትዬ ዘርፉ! ራዲዮ አልሰሙም? ሶማሊያ ተማርከው የነበሩት ተለቀቁ! በድሬዳዋ እየገቡ ነው አሉ!»

ዘርፉ ትለቅመው የነበረውን ምስር ከነሰፌዱ አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋችና፣

«ሰንበታን ጥሪልኝ» አለች።

«ሰንበታ መካኒኩን? አሁን እሱ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት እስር ወጥቶ መኪናውን ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሊያያት ነው? ምን ትገተሪያለሽ፣ ሂጂ!»

ሰንበታ የአሳምነው ባልንጀራ ነው፤ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጥገና ክፍል በጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። በማግስቱ ጠዋት ክሪኩን በትከሻው ተሸክሞ ደረሰ።

«አካም ቡልቴ፣ ዘርፌ?»

«ደህና አደርኩ። ሰላምታው ይበቃል፤ እጅህ ይሠራል ወይስ እንዳፍህ ነው?»

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነካሽ?» ሣቀ። «ትንሹ ካምቢዮ ከየት ይመጣል ብዬ ሳስብ አደርኩ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ በሻማ ተፈልጎ አይገኝም።»

«ቆመህ አትጠይቀኝ፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«እህሳ፣ የታለ?»

«ተቀምጠህበታል።»

ሰንበታ አጎዛውን ገለጠ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሣቀ።

የአየለች ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ ባትሪና ጎማ አዋሰ፣ ከኩፖን ቤንዚኑም ቀንሶ ሰጠ። ሰንበታ መቀመጫዎቹን አንሥቶ የወለሉን ላሜራ ገለበጠ። በሁለቱ በሮች መካከል ወፍራም የባሕር ዛፍ አጠና አጋደመና፣ ካምቢዮውን ከላይ በገመድ ሊያወርደው አሰናዳ። በብረቱና በብረቱ መካከል የሚገባውን፣ ዘይት የሚያግደውን ጓርኒሲዮን ከሳሙና ካርቶን ቆርጦ አወጣ። ሁሉ ሲሰናዳ፣

«በይ እንግዲህ ብሎኖቹን» አላት።

ዘርፉ ጣሳውን አመጣች። የሻማውን እሽግ በቢላዋ ፈታችው። ክዳኑ ተነሣ። ሰንበታ እጁን ዘይቱ ውስጥ ሰደደና አንድ የብሎን ዘለላ በሲባጎ ተሰክቶ አወጣ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። አምስት ዘለላ ሆኑ። በሲባጎዎቹ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ፤ በአንደኛው አንድ፣ በሌላው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት።

«ይሄ ደግሞ ምን ጥንቆላ ነው?» አለ ሰንበታ።

ዘርፉ የሲባጎውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ቋጠሮውን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ፊደል አልቆጠረችም፤ የማርያም ማኅበር ተራ የምትይዘው ግን እሷ ናት። ለእያንዳንዷ ማኅበርተኛ ሲባጎ ቆርጣ፣ ተራዋ ስንተኛ እንደሆነ በቋጠሮ ታስርና ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። አንድ ቀን ስታ አታውቅም። አሳምነው «የመሃይም ደብተር» እያለ ይስቅባት ነበር።

ሰንበታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ሣቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ዘርፌ፣ ይሄ ለራሱ ያሰረው አይደለም። እኛ ጣሳ ውስጥ ወርውረን በዓይን ነው የምንለየው። ደግሞም የአፈታቱ ተራ አይደለም፤ አንድ ቋጠሮ ያለው መጨረሻ ላይ የተፈታው ነው። የአገጣጠሙን ተራ ነው ያሰረው። መኪና ለማያውቅ ሰው…»

«ለእኔ ነው» አለች።

ያን ቅዳሜ ከመኪናዋ ሥር ለምን እንደዚያ እንደቆየ አሁን ገባት። በጀርባው ተንጋሎ ቋጠሮ ሲቆጥር ነበር። እሱ ባይኖር እሷ እንድትገጥመው። በአፉ «እስክመለስ» እያለ፣ በእጁ ሲሰናበታት ነበር የዋለው።

«ውሸታም!» አለች መኪናዋን እያየች። «ድሮም አንጀትህ ሌላ፣ አፍህ ሌላ! አሥራ አንድ ዓመት ጠብቂ ብለኸኝ!»

ሰንበታ መሬት መሬቱን አየ። «ለዛሬ እንተወው እንዴ?»

ዘርፉ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገች።

«ማን ተወው አለህ? ግባ ከሥር! ገመዱን እኔ እይዛለሁ።»

ገባ። እሷም ገመዱን በወገቧ ዞር አድርጋ፣ እግሯን መሬት ላይ ተክላ፣ ያንን ሁሉ ዓመት የተቀመጠችበትን ብረት ስንዝር በስንዝር ለቀቀችው። «ዝቅ!» ይላል ከሥር። «ቆይ! ወደ ግራ! በቃ ያዢ!» መዳፏ ተላጠ፤ አልለቀቀችም። አፍ ለአፍ ሲገጥም ቋ! አለ። ከዚያ ዘለላውን እያቀበለች፣ ተራውን እየጠራች፣ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ ሦስት፣ አራት፤ ሰንበታም ሲያጠብቅ ዋለ። አንዱም አልተሳሳተ።

አምስተኛው ቋጠሮ የወለሉ ላሜራ ብሎን ነበር፤ ስምንት ፍሬ። እሱን ራሷ ልትሠራ ቁልፉን ተቀበለችው። ሰባቱን አጠበቀች። ስምንተኛዋን በጣቶቿ መካከል ያዘቻት።

«አንዷ ቀረችሽ» አለ ሰንበታ።

«አውቃለሁ።»

«ላሜራው ይንቀጫቀጫል፤ ያሰለቻል።»

«እሱ ሁሉንም ለእኔ ቋጥሮ ሄደ። እኔ ደግሞ ይቺን ለእሱ ቋጠርኩለት። መጥቶ ይሠራታል፤ ሥራ ፈት አላኖርም።» ብሎኗን ከነሲባጎዋ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ሞተሩ በሦስተኛው ተነሣ። እሁድ እሁድ የተሽከረከረ ሞተር ነዋ! ጥቁር ጭስ ተፋና መኪናዋ ከድንጋዩ ወርዳ በራሷ እግር ከግቢ ወጣች። አየለች እልል አለች። ዘርፉ ግን ጋቢና ተቀምጣ ፊት ፊቱን ብቻ አየች።

የድሬዳዋው ባቡር ሲደርስ የናዝሬት ጣቢያ በሰው ተሞልቶ ነበር። ዘርፉ አልወረደችም።

«ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለችው ሰንበታን። «ድምጿን ያውቀዋል።»

ከፉርጎው የከሱ፣ የጠቆሩ ወንዶች ወረዱ። አንዱ በእናቱ ተጠመጠመ። አንዱ የሚቀበለው አጥቶ ዙሪያውን ያያል። ዘርፉ ትከሻ ለትከሻ፣ አረማመድ ለአረማመድ አየቻቸው። ባቡሩ ባዶውን ቀረ። ሰዉ ተበተነ። ሰንበታ የነዳጁን መጠቆሚያ አየ።

«እንግዲህ ንዳ» አለች በመጨረሻ። «የዛሬው ነው የመጣው። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ባቡር አለ።»

በመመለሻቸው ጉድጓድ በረገጡ ቁጥር ብሎን የጎደለው ላሜራ ከእግሯ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

«እግርሽን ጫን አድርጊበት እስቲ» አለ ሰንበታ። «ዝም ይላል።»

ዘርፉ እግሯን አነሣች።

«ይጩህ» አለች። «ይጩህ ተወው።»