የሐጂ ኢድሪስ መስታወት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማንም አላስገደደኝም። በተሰደድኩበት በአማን ከተማ ሻይ ቤት ልክፈት ስል እንደ ሰው አራት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን አስገብቼ አርፌ መቀመጥ እችል ነበር። እኔ ግን የትውልድ ከተማዬን ሞሱልን ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

የአባቴ የሐጂ ኢድሪስ ሻይ ቤት ሞሱል ውስጥ ጤግሮስ ዳር ነበር። አሁን የለም፤ በጦርነቱ ከነሰፈሩ ፈርሷል። ከገበያው በኩል በፊት በር ይገባል፤ የኋላው በር ደግሞ ወደ ወንዙ በሚወስደው ደረጃ ላይ ይከፈታል። ቤተኛ የሚባለው ሁሉ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደው በኋላው በር ነው። አማን ውስጥ ጆፌ የሚባለው ኮረብታ ላይ ልክ እንደዚያው የኋላ በርና ደረጃ ያለው ቤት ሳገኝ ውሉን ሳላነብ ፈረምኩ። የዚህኛው ደረጃ መጨረሻ ግን ወንዝ ሳይሆን መኪና እንደ ጎርፍ የሚወርድበት አውራ መንገድ ነው። ድሮ እዚያም ወንዝ ነበረ ይላሉ። በሲሚንቶ ከደኑትና መንገድ ሠሩበት።

ከዚያማ ማን ይያዘኝ! የእንጨት አግዳሚዎቹን በልካቸው አሠራሁ። የሻይ ማፍያውን ሳሞቫር ካንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁ። ግድግዳውን ያንኑ የአባቴን የማይረባ አረንጓዴ ላስቀባ ብዬ ቀለም ቀቢውን ሦስት ጊዜ አስለወጥኩት። በአራተኛው፣ “ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የታመመ ሰው ፊት ነው” አለኝ።

“እሱ ነው! እሱን ቀባልኝ!” አልኩት።

መጨረሻ ላይ መስታወቱ ቀረ። ከሳሞቫሩ ጀርባ ተሰቅሎ የኖረው የአባቴ መስታወት የተሰነጠቀ ነበር። የሰነጠቁት ደግሞ የሒሳብ አስተማሪያችን ኡስታዝ ዘኑን ናቸው። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በዶሚኖ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ቢያሸንፋቸው፣ በንዴት ድርብ ስድስቱን ወረወሩበት። አባቴን ሳቱት፤ መስታወቱን አገኙት። ስንጥቁ ከላይ ከግራው ጥግ ተነስቶ መሃል ሲደርስ እንደ ቁራ እግር ሦስት ቦታ ይከፈላል። አባቴ እስኪሞት ድረስ አላስቀየረውም። ኡስታዝ በገቡ ቁጥር፣ “ሰባሪው መጡ! ዶሚኖውን ደብቁ!” እያለ ያበሽቃቸው ነበር።

እኔም አዲስ መስታወት ገዛሁና በመዶሻ እጀታ እንደዚያው አድርጌ ሰነጠቅሁት። ሚስቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ “ደህና መስታወት ሰብሮ ለሚሰቅል ሰው ሐኪም ነው የሚያስፈልገው” አለች። እውነቷን ነበር፤ አልሰማኋትም።

የሞሱል ሰው ከያለበት ሰምቶ መጣ። ግማሹ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ግማሹ ኩባዬን እየበላ ያለቅሳል። ኩባ ማለት መቼም ሌላ አገር የሚሠሩትን እንቁላል የሚያህለውን አይደለም፤ የሞሱሉን፣ ሥጋ በቅንጬ ሊጥ መሃል ተደርጎ እንደ ሰሃን የሚጠፈጠፈውን ነው። ከሁሉም የማይጠፋው ሰባሕ ነው። ሰባሕ ሞሱል ሳለ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ እዚህ የሚነዳው ምላሱን ብቻ ነው። እሱ እንኳን ኩባዬን ቀምሶ፣ “የቀረህ የወንዙ ሽታ ብቻ ነው” አለኝ። ኮራሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት እኛን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ገብታ፣ “ጋኒም” ብላ በስሜ ጠራችኝ። የኡስታዝ ዘኑን ልጅ ነጅላ ነበረች። አባቷን ከሞሱል ካመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ቤታቸው ሲመታ ኡስታዝ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ተረፉ። ሚስታቸው ባሂጃ ግን እቤት ውስጥ ነበረችና አልተረፈችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ኡስታዝ ቀንና ዘመን ተምታቶባቸዋል።

“አቡ ኢድሪስ፣ አባዬ አልበላም ብሎኛል” አለች፤ ልጄን በአባቴ ስም ስላወጣሁት እንዲህም ይሉኛል። “ምግብ ሳቀርብለት ‘ይሄ የማን ቤት ነው? ከማላውቀው ሰው ቤት አልበላም’ ይለኛል። እኔንም የቤቱ ባለቤት እያደረገ ያመሰግነኛል። አባቴ እኮ ነው፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ነው። ያንተን ቤት ሲያወሩ ሰማሁና መጣሁ።”

“ነገውኑ አምጪያቸው” አልኳት።

በማግስቱ ይዛቸው መጣች። ትከሻቸው አልቋል፤ ከረባታቸው ግን እንደታሰረ ነው። በሩ ላይ ቆሙ፤ አግዳሚውን አዩ፤ ሳሞቫሩን አዩ፤ መስታወቱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራ።

“አባትህ ዛሬም አላስቀየረውም?”

“አላስቀየረውም፣ ኡስታዝ።”

“ግትር! የት ሄደ?”

“ገበያ ወጥቷል።”

“ስምንት ጊዜ ሰባት?”

“ሃምሳ... ሃምሳ ስድስት።”

“ታንቀላፋለህ፣ ጋኒም። ድሮም ታንቀላፋ ነበር።” ጥጋቸው ሄደው ተቀመጡ። ናና የተነሰነሰበት የዘቢብ ጭማቂ ሰጠኋቸው። ሦስት ኩባ በሉ። ነጅላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁና፣ በዕድሜዬ አንድ የረባ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኡስታዝ ተነሱ። “በሉ፣ ባሂጃ ትጠብቀኛለች” አሉ። እኛ የቀልድ ያህል ሰምተን ሳቅን። የኋላውን በር ከፍተው ወጡ። መጸዳጃ ቤት የሄዱ መስሎን ጥቂት ጠበቅናቸው። ስናገኛቸው አውራ መንገዱ መሃል፣ ከአስፋልት አካፋዩ ላይ ቆመው የትራፊክ ፖሊሱን ይቆጡ ነበር። “ወንዙን ማን ወሰደው? ወንዙን ይዤ ወደ ግራ ነው የምታጠፈው፤ ሦስተኛው መተላለፊያ፣ በለስ ያለበት በር!”

በማግስቱ የኋላውን በር ቆለፍኩት፤ ማታ ኡስታዝ መጥተው ቆሙበት።

“ጋኒም፣ ክፈት።”

“ተበላሽቷል፣ ኡስታዝ። ዛሬ በፊት በር ይውጡ።”

“በፊት በር የሚወጣው እንግዳ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ?” በሩን በመዳፋቸው ይመቱት ጀመር። “ክፈቱልኝ! ባሂጃ ብቻዋን ናት! ብቻዋን ናት እኮ!” ዶሚኖ ተጫዋቹ ሁሉ አቀረቀረ። ያስተማሩን ሰው ናቸው። ግማሾቻችን ጆሯችንን ተቆንጥጠናል። መክፈት አቃተኝ፤ አለመክፈትም አቃተኝ። ከፈትኩና ክንዳቸውን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ።

መንገዱ ዳር ስንደርስ ቀጥ አሉ። “ወንዙስ?”

አፌ ላይ የመጣውን፣ “በጋ ነው፣ ኡስታዝ፣ ውሃው ወርዷል” አልኩ።

“ወርዶ ከሆነማ በመሃል እንሂድ፣ ይቀርበናል” ብለው ከእጄ ሾልከው መንገዱ ውስጥ ገቡ። የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲይዝ ጎማው ጫማቸው ጫፍ ላይ ቆመ። እሳቸው መኪናውን ዞር ብለውም አላዩት። እኔ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩና ወደ ጠርዙ ጎተትኳቸው።

ነጅላ ስትሰማ አላለቀሰችም። “አቡ ኢድሪስ፣ እዚህ ካልመጣ አይበላም” አለችኝ። “ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን መኪና ይበላዋል። ምን ላድርግ? አንተው ንገረኝ።”

ሲነጋ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ቤቱ ሞሱልን ባይመስል ወንዝ አይፈልጉም አልኩ። ወንዝ ካልፈለጉ በሰላም በልተው በሰላም ይሄዳሉ። ከድጡ ወደ ማጡ እየሄድኩ እንደሆነ የነገረኝ ሰባሕ ብቻ ነበር። አግዳሚዎቹን ሳወጣ መሃል በሩ ላይ ተገተረ።

“ጋኒም፣ ሞሱል አንዴ መፍረሷ አነሰህ?”

“ሰውየው ይሙቱ ነው የምትለው?”

“እኔ የምለው፣ እኛስ የት እንሂድ?”

“ምላስህን አስቀምጥና መስታወቱን ያዝልኝ” አልኩት። እየተነጫነጨ ያዘልኝ። እጁ አልቦት ነበር፤ እኔም ተናድጄ ነበር፤ ስናወርደው አመለጠንና ወለሉ ላይ ተበታተነ። ግድግዳውን ነጭ አስቀባሁ። የፕላስቲክ ወንበርና ቴሌቪዥን አስገባሁ።

ኡስታዝ በማግስቱ ደፉ ላይ ቆሙ። ከነጩ ግድግዳ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

“ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው። የሐጂ ኢድሪስን ሻይ ቤት ያውቁታል?”

አንቱ አሉኝ። “ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ጋኒም ነኝ።”

“ጋኒም ልጅ ነው” አሉ በትሕትና። ኩባውን ይዤ ተጠጋኋቸው፤ ሽታው እንኳን ያስታውሳቸው እንደሆነ ብዬ። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ከማላውቀው ሰው አልበላም፤ እንዳይቀየሙኝ” ብለው ወጡ።

ስምንት ቀን አልበሉም። ከውሃና ከሻይ በቀር የገባላቸው የለም። ነጅላ ዓይኗን ከጨፈነች ተነስተው ይወጡና አላፊ አግዳሚውን ሐጂ ኢድሪስ ሻይ ቤት የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። በፊት የሚጠፉት አንድ መንገድ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በከተማው ሁሉ እንዲጠፉ ለቀቅኋቸው።

በስምንተኛው ቀን ሁሉንም መልሼ አስገባሁ። አግዳሚውን፣ ሳሞቫሩን፣ ያንን የታመመ ሰው ፊት የሚመስለውን ቀለም። ሰባሕ ሳይጠሩት መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀባ አደረ። መስታወት ገዛሁና በመዶሻ እጀታ መታሁት። ይሄኛው እንደ ፊተኛው እሺ አላለኝም፤ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ተቀደደ። ሌላ ለመግዛት ጊዜ አልነበረም። “ማን ያየዋል” ብዬ ሰቀልኩት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ።

ሲነጋ ኡስታዝ በነጅላ ተደግፈው ገቡ። ሰባሕ እንደተማከርነው ተነስቶ፣ “ሰባሪው መጡ! ዶሚኖውን ደብቁ!” ብሎ ጮኸ።

ኡስታዝ ፈገግ አሉ። አምላኬ፣ ፈገግ ሲሉ! ጥጋቸው ተቀመጡ። ጭማቂውንና ኩባውን አቀረብኩ። ሰው ሁሉ የማያያቸው መስሎ ያያቸዋል። ከኩባው ጫፍ ቆርሰው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ቀና አሉና መስታወቱን አዩት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

“ጋኒም።”

“አቤት፣ ኡስታዝ።”

“ይሄን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም።”

የቆረሱትን መልሰው ሰሃኑ ላይ አስቀመጡት። አጠገባቸው ያለውን ግድግዳ በጣታቸው ነኩት፤ አረንጓዴው እርጥብ ነበረና ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን ደጋግመው አዩት። ከዚያ ዞር ብለው ቤቱን በሙሉ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ እንደ ተማሪ ደብተር አረሙት።

“በጣም ይመስላል” አሉ። “ማን ነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ።”

“እጅህ ይባረክ።” ጣታቸውን ጠረጉ። “ዋናውስ?”

ስምንት ጊዜ ሰባት ቢሉኝ እመልስ ነበር። ሰባሕን አየሁት፤ ያ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ኡስታዝ የእያንዳንዳችንን ፊት በተራ በተራ አዩ። የተማሪ ስም እንደሚጠሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

“ሁላችሁም እዚህ ናችሁ” አሉ። “እዚያ የቀረ ሰው የለም ማለት ነው።” ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከሁለት ወር በላይ የቤቱ ባለቤት እያሉ ያመሰገኗትን ልጅ በስሟ ጠሯት። “ነጅላ፣ እናትሽስ?”

ነጅላ እጃቸውን ያዘች።

ኡስታዝ ተነሱ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሮጥኩና የኋላውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አብሬያቸው እወርዳለሁ፤ መንገዱን እሻገራለሁ፤ እስከ ነገ ድረስ ወንዝ እፈልጋለሁ። “በዚህ ይውጡ፣ ኡስታዝ!” አልኩ። “ባሂጃ ትጠብቅዎታለች!”

በሩን አዩት። ከታች የመኪናው ድምፅ ይሰማል። “እዚያ ያለው መንገድ ነው” አሉኝ ቀስ ብለው፤ የሚያንቀላፋ ተማሪን እንደሚያስረዱ። የነጅላን ክንድ ይዘው በፊት በር፣ በእንግዳው በር ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ስለ ሻይ ቤቱም ማንንም አይጠይቁም። ነጅላ በየቀኑ ቀትር ላይ ኩባ በሳህን ትወስዳለች፤ ማታ ሳይነካ እንደተከደነ ትመልሰዋለች። የኋላውን በር አሁን አልቆልፈውም።