ቅቤ የተቀባችው የናስ ወፍ

«የእትዬ እመቤት የናስ ወፍ በዘመረች ቀን ሰው ይሞታል» ይላል ልብስ ሰፊው ኑሩ። ጠዋት ይላል፣ ቀትር ላይ ይላል፣ ክር እያሾለከም ይላል።

«ዝም ብላስ የሞተ የለም?» አለችው ደሳለች፣ ከአጠገቡ ባለችው የሞባይል መጠገኛ ኪዮስኳ መቀመጥ አቅቷት። «ይልቅ ሱሪዬን ጨርስልኝ፤ ሐሙስ ዩኒቨርሲቲ በቀዳዳ ልገባ ነው?»

ሐሙስ ዐውደ ርእይ አለ። የዩኒቨርሲቲው መምህር አንዱአምላክ ቁርጡን ነግረዋታል፦ በገዛ ሞላው የሚንቀሳቀስ የጥንት ማሽን ካመጣች፣ ዲፕሎማ ባይኖራትም የወርክሾፕ ቴክኒሻን አድርገው ያስቀጥሯታል። ስምንተኛን አቋርጣ የቀረውን ከስልክ ሆድ ለተማረች ልጅ እንዲህ ያለ በር ሁለቴ አይከፈትም።

ወፏን ከጎረቤቷ ከእትዬ እመቤት ተውሳ ማክሰኞ ፈታታቻት። ሰው እንደሚያወራው ውስጧ ጋኔን የለም፤ የደረቀ ቅቤ ነው። የእትዬ እመቤት ቤተሰብ ጋኔኗን ሲያባብል በየፋሲካው ቅቤ ሲቀባት ኖሮ የማርሾቿ ጥርሶች ሁሉ ተጣብቀዋል። በነጭ ጋዝ ስታጥባት እሾህ የበቀለበት በርሜል ብቅ አለ፤ አንዱ እሾህ ክንፍ ያነሣል፣ ሌላው ምንቃር ይከፍታል።

«ኑሩ! ና እይ! ፕሮግራም እኮ ነው! እሾሁን ቦታ ብለውጠው ሌላ ዜማ ትዘምራለች። የስልክህ ቅድመ አያት ናት!»

«ስልኬም ጋኔን አለበት በይኛ!»

የሞላዋ ማዞሪያ ቁልፍ ድሮ ጠፍቷል። ደሳለች የቁም ሳጥን ቁልፍ ሞርዳ አስማማችና ረቡዕ አዞረችው። እምቢ አለ። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ወፏን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ቁልፉን ገፋችው። ቷ! ሞላው ከሥሩ ተገነጠለ።

ማንን ትጠይቅ? እሷ ጠይቃ አታውቅም። ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር ነቅላ፣ ባትሪ አስራ ወፏ ሆድ ውስጥ ወተፈችው።

ሐሙስ ወፏ ዘመረች፤ ማንም አልሞተም። ተማሪው አጨበጨበ። መምህር አንዱአምላክ ግን ክንፏን ገለጥ አድርገው ሽቦውን አዩ።

«ደሳለች፣ ይሄማ የባትሪ አሻንጉሊት ነው።»

«ጭንቅላቷ ያው ነው! የተለወጠው ሆዷ ነው። እርስዎስ ምሳ ሲለውጡ ሌላ ሰው ይሆናሉ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የቴክኒሻኑ ቦታ የአያቱን የግድግዳ ሰዓት በገዛ ሞላው አስነሥቶ ከይፋግ ከተማ ለመጣ ልጅ ሆነ።

ቅዳሜ ወፏን ስትመልስ እትዬ እመቤት አገላብጠው አዩዋት።

«ሞላዋን ምን አገኘው፣ ልጄ?»

«ዝጎ ነበር፣ እትዬ። ሳዞረው ተበጠሰ።»

«ወዴት አዞርሽው?»

«ወደ ቀኝ ነዋ!»

«አባቴማ» አሉ፣ «ወደ ግራ ነበር የሚያዞሯት።»