ተኝቶ የነበረው ነቅቷል

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ወሬ አያልቅበትም፤ ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ጨዋታው ሲደምቅለት መቀሱን አስቀምጦ በሁለት እጁ ስለሚያወራ፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠለት ሰው ወሬው እስኪያልቅ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሳንባ ምች ጠንቶበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገብተው በመሣሪያ ያስተነፍሱታል፤ ከቱቦው ጋር እንዳይታገል ደግሞ በመድኃኒት አስተኝተውታል። ዝምታውን መልመድ አቃተኝ።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ መቼ ነው የሚነቃው? ነርሷንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ ኦክስጅን የሚገፋውንም ሰውዬ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ከንፈሩ ጠርዝ ላይ፣ ቱቦው በተለጠፈበት በኩል፣ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች አየች። በሳንባው ምች ላይ ሌላ ምች ተጨመረበት ብላ ለሐኪሙ አቤት አለች። ሐኪሙም አይቶት ኖሮ፣ ከሳንባው ፈሳሽ ወስዶ ለምርመራ ልኳል።

በማግስቱ ከክፍሉ ብቅ አለና፣ ጭምብሉን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እናት፣ ተኝቶ የነበረው ነቅቷል። መድኃኒት ጀምረናል» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሮጠ።

እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ስልኬን ነጥቃኝ ለምራቷ ደወለች፤ አልበቃ ብሏት የልጅ ልጇን አስጠርታ አባትሽ ነቅቷል አለቻት። እስቲ ደህና አድርገን እንጠይቅ ብል ማን ሰምቶኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገፋሁበትም። ደስታ ሲመጣ ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

የወንድሜ ሚስት ልጇን ይዛ እየበረረች መጣች። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ናት፤ ለአባቷ ብላ የልደት ቀሚሷን ለብሳለች።

ሐኪሙ ሲመለስ ስንስቅ አገኘንና ግራ ገባው። ነገሩ የተገለጠለት እናቴ እጁን ልትስም ስትጎነበስ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«እናት፣ እሱን ማለቴ አይደለም» አለ። «ቫይረሱን ነው።»

ቁጭ ብሎ አስረዳን። ብዙዎቻችንን በልጅነታችን የሚይዘን፣ ከንፈር ላይ ወጥቶ የሚጠፋ ቫይረስ ነው። ቁስሉ ይድናል እንጂ እሱ ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ሰውነት በጽኑ ሕመም ሲደክም ይነሳል። አሁን ሳንባው ውስጥም ተገኝቷል። መድኃኒቱ ይርዳው አይርዳው ገና አይታወቅም፤ ወንድሜ እንዳለ ነው።

ደሜ ፈላ። ልጮህበት ተነስቼ፣ ምን ብዬ እንደምጮህ አጣሁ። ሐኪሙ የተናገረው አማርኛ ነው። ለእንቅልፍም «ተኛ»፣ ሆስፒታል ለገባም «ተኛ» የምንል እኛው ነን።

እናቴ አልጮኸችም። እሱን አስተኝታችሁ ሌላው ነቃ ወይ ብላ ብቻ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

ልጅቷ ቀሚሷን እያስተካከለች መቼ እንደምትገባ ትጠይቃለች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅ መግባት ስለማይፈቀድላት ሁለቱ በር ላይ ቀሩ፤ ሐኪሙ እናቴንና እኔን አስገባን።

እናቴ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ወንድሜ ጆሮ አስጠጋች።

«ልጅህ በር ላይ ናት። ነቅቷል ብያታለሁ» አለችው። «ውሸታም እንዳታደርገኝ፣ ልጄ።»

ሁላችንም መልሱን ጠበቅን፤ ሐኪሙም ጭምር።