ሦስት ቋጠሮ

ነጩ ክር ከሪን እጅ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። ከቀርከሃው ቅርጫት ሩዝ ቆንጥራ ታድቦለቡላለች፣ በርበሬው ውስጥ ነከር አድርጋ ትጎርሳለች፤ ክሩም እስከ ከንፈሯ ደርሶ ይመለሳል። ታዋን የራሱን ምግብ ትቶ በዓይኑ ክሩን ይከተላል። ከሁለት ሰዓት በፊት በእጇ አንጓ ላይ ምንም አልነበረም።

ምግብ ቤቱ ከሜኮንግ ወንዝ ዳር ነው። ከታች ረጃጅም ጀልባዎች ጭቃማውን ውሃ እየቀደዱ ይሻገራሉ። ሁለቱም የባንኮክ ልጆች ናቸው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራቸውን ለቀው፣ የጀርባ ሻንጣቸውን አዝለው ከቤት ከወጡ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው። ኩዋላ ላምፑር፣ ጆርጅታውን፣ ፕኖም ፔን፣ ቪየንቲያን፣ አሁን ደግሞ ሉዋንግ ፕራባንግ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ወደ ሃኖይ በሚሄደው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ታዋን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያሰፈረው እንደዚያ ነው።

ሌላ ሰው ያለፈበትን ከተማ በሕንፃው ወይም በምግቡ ያስታውሳል። ታዋን የሚያስታውሰው በወንዶቹ ነው። ኩዋላ ላምፑር ማለት ለሪን ቁልፍ ሲሰጣት እጇን አንድ አፍታ ያቆየው የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። ጆርጅታውን የብስክሌቷን ኮርቻ ያስተካከለላት አከራይ ነው። ፕኖም ፔን ደግሞ ስሟን በክመር ፊደል ናፕኪን ላይ ጽፎ የሰጣት የቡና ቤት አሳላፊ ነው። የዚያን ዕለት ክፍላቸው ገብተው ተጣሉ። ሪን በንዴት የሰርዲን ቆርቆሮ ስትከፍት መዳፏን ቆረጣት። እሱ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቷት እንደቆመ አልዞረም። በኋላ ሲዞር የአንገት ሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ በአንድ እጇ ቁስሏን አስራ ጨርሳለች። ቋጠሮው ጠማማ ነበር፤ አንዱ ጆሮው ረጅም፣ ሌላው አጭር። ሳምንት ሙሉ ያንን ቋጠሮ ባየ ቁጥር ያፍር ነበር።

«ሻንጣዬ አሥራ አንድ ኪሎ ነው፤» ብላው ነበር ያን ጊዜ፣ ሳትቆጣ። «ያንተ ዓይን ግን ከሱ ይከብዳል።»

ይቅርታ ጠየቃት። ማለላትም። መሐላው እስከ ቪየንቲያን ድረስ፣ ኬንግ እስኪመጣ ድረስ ቆየ።

ኬንግ የአገራቸው ልጅ፣ ከኮን ኬን የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ብቻውን በሞተር ሳይክል አገር ያያል። የመንገደኞች መንገድ አንድ ስለሆነ ቪየንቲያን ላይ ደህና ሁን ያሉትን ሰው ሉዋንግ ፕራባንግ ላይ ኑድል ሲበላ ያገኙታል። በሰባት ዓመት ስለሚበልጣት ሪን በአገራቸው ወግ «ወንድም ኬንግ» እያለች ትጠራዋለች። ታዋን እኩያዋ ስለሆነ ታዋን ብቻ ነው። ነገሩ ለታላቅ የሚሰጥ ተራ አክብሮት መሆኑን ያውቃል። ሆኖም ጎረቤታቸው የነበሩ ሴቶች ባሎቻቸውንም በዚያው ቃል ሲጠሩ እየሰማ ነው ያደገው፤ ቃሉ ከአፏ በወጣ ቁጥር ዞር ብሎ የኬንግን ፊት ያያል።

ዛሬ ጠዋት የቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ ኬንግ ከየት መጣ ሳይባል አጠገባቸው ቆመ። ታዋን ጫማውን መልሶ አጠለቀ። ሻንጣዎቹን እጠብቃለሁ አለ። ከዚያ ግቢ አንድም ሰው ሻንጣ እንደማይሰርቅ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ልኳን ሊያይ ነው። አብሬህ ልሁን ካለች ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ትታው ከገባች ደግሞ እንግዲህ ታውቋል። ሪን ጥቂት አየችው። ከዚያ ጫማዎቿን ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠችና ገባች።

በተከፈተው በር ውስጡ ይታያል። ሽማግሌው መነኩሴ ከትልቁ የአምልኮ ምስል ፊት ተቀምጠው ለተንበረከከው ሁሉ የበረከት ክር ያድላሉ። ለወንዱ እየጸለዩ ራሳቸው ያስሩለታል። የሴት ገላ ግን መነኩሴ አይነካም፤ ክሩን አብሯት ለመጣው ወንድ፣ ለባሏ ወይም ለአባቷ ይሰጡታል፣ እሱ ያስርላታል። የሪን ተራ ሲደርስ መነኩሴው ጸለዩ፣ ወደ ጎን አዩና ክሩን ወደ ኬንግ ዘረጉት። ኬንግ እጁን ሰድዶ ተቀበለ።

ታዋን ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም። ጀርባውን ሰጠ። ሲዞር ሪን ደረጃው ላይ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ክሩም አንጓዋ ላይ ነበር።

አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ያየውን አይቷል። ያላየውን ደግሞ አእምሮው ከጠዋት ጀምሮ እየሠራለት ነው፦ የሐኪሙን ንጹሕ ጣቶች፣ የተዘረጋውን የሪንን አንጓ፣ ቋጠሮውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሁሉም የከፋው መነኩሴው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለው ነበር። እሳቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አዩ፣ ባልና ሚስት ናቸው ብለው አሰቡ። እንደዚያ ይመስሉ ነበር ማለት ነው።

የሞተር ድምፅ መጣና ከምግብ ቤቱ አጥር ጎን ጠፋ። ኬንግ የራስ ቁሩን ብብቱ ሥር ይዞ ገባ፤ ለስንብት ነው የመጣው፣ አልተቀመጠም።

«ወንድሜ፣ ሻንጣዎቹ አልሸሹህም አይደል?»

ሪን ሳቋን በሾርባዋ ውስጥ ቀበረችው። ታዋን ቅርጫቱን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ብትገባ ኖሮ እኮ፣» አለ ኬንግ፤ ድምፁ አሁን የቀልድ አልነበረም፤ «እዚያ ውስጥ እኔን ማን ነው ብለው እንዳሰቡኝ …»

ታዋን ምግቡ እየቀዘቀዘ መሆኑን ነገረው። ኬንግ ትከሻውን ሰበቀ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ኖንግ ኪያው እንደሚሄድ፣ አስር ሰዓት ላይ ከአሮጌው ድልድይ እንደሚነሳ፣ የኋላ ወንበሩም አቧራውን ለቻለ ባዶ እንደሆነ ተናገረ። ሁለቱንም በእጁ ተሰናብቶ ሄደ።

«ደፋር ነው፤» አለ ታዋን።

«ሐሳቡ የሱ አይደለም። የኋላ ወንበሩን ትናንት እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

ወንዙ ላይ አንድ ጀልባ ሞተሩን አጠፋ። ታዋን ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ለምን?»

«ሞተር የሚነዳ ሰው ከኋላው የተቀመጠውን አያይም፤» አለች ሪን። «ሦስት ቀን ማንም ሳያየኝ መሄድ አማረኝ።»

ከደብተሩ መሐል ሁለቱን የአውቶቡስ ትኬቶች አውጥቶ የሷን ወደ እሷ ገፋው። አላነሳችውም። ባጃጁ የሚመጣው አስር ሰዓት አይደል፣ ያኔ አውቀዋለሁ አለች። ከዚያ የቀረውን ሩዝ በዝግታ በላች።

ፔንሲዮናቸው ሲደርሱ ሙቀቱ በርትቶ ነበር። ሪን ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሿ ረዘመ። ክሩ ያለበት እጇ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ በዞረ ቁጥር የክሩ ጫፍ ብድግ ይላል፣ ይተኛል።

ታዋን ከመታጠቢያ ቦርሳው ጥፍር መቁረጫውን አወጣ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኮ መቁረጫውን ከክሩ ሥር አስገባ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሲል እናቱ ያሰረችለት ክር ትዝ አለው። ራሱ እስኪወልቅ ጠብቀው፣ ካስቸገረህ ፍታው፣ ስለት ግን እንዳይነካው ብላው ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ክሩ ጠቁሮ፣ የክፍል ጓደኞቹ እየሳቁበት፣ አልቆረጠውም። መቁረጫውን መሬት አስቀመጠ። አልቆርጥም፣ እፈታዋለሁ አለ ለራሱ፤ እንዲህ ብሎ ሲያስበው ኃጢአቱ ያነሰ መሰለው።

ቋጠሮውን ፍለጋ ክሩን በስሱ አዞረ። ቋጠሮው ከአንጓዋ በታች፣ የደም ሥሯ በሚመታበት በኩል ነበር። ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን በጥፍሩ አላላው። ሁለተኛውን አላላው። ሦስተኛው ቶሎ እሺ አላለም፤ በደንብ ሊያየው ወደ ብርሃኑ ቀረበ። ከቋጠሮው አጠገብ ክሩ በጥርስ ተነክሶ ጠፍጥፏል፤ ደብዘዝ ያለ የከንፈር ቀለም ይዟል። አንዱ ጆሮ ረጅም ነው፣ ሌላው አጭር።

ጣቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። ክሩ ተፈትቶ መዳፉ ላይ ወደቀ።

ይህን ቋጠሮ ያውቀዋል። ሳምንት ሙሉ አፍሮበታል።

ቀና ሲል ሪን ዓይኗን ገልጣለች። መቼ እንደነቃች አላወቀም። መሬት የተቀመጠውን ጥፍር መቁረጫ አየች፣ ቀጥላ እሱን አየችው።

«ልትቆርጠው ነበር?»

«ነበር።»

ተነስታ ተቀመጠች። ባዶውን አንጓዋን በሌላው እጇ ያዘችው።

«ኬንግ ክሩን ተቀብሎ ለኔ ሰጠኝ። ‹አባቴ፣ የዚህች ልጅ ሰው በር ላይ ነው ያለው› አላቸው። መነኩሴው ሳቁ፤ ‹ታዲያ ጥሩት› አሉ። ሁላችንም ዞር ብለን አየንህ።» «ጀርባህን ነው ያየነው።»

ታዋን ጥፍር መቁረጫውን ወደ አልጋው ሥር ገፋው። ለምን አልነገርሽኝም የሚለው ብቻ መጣለት፤ ወዲያው ደግሞ መልሱን ራሱ አወቀው። እሷም ተናገረችው፦ ቀኑን ሙሉ ክሩን አየህ እንጂ እኔን አልጠየቅከኝም።

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ አንድ ጊዜ ተሰማ። ሪን ከአልጋው ወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ሻንጣዋን ጉልበቶቿ መሐል አስገብታ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ትኬቷን ታዋን ከመስኮቱ ሥር፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፤ ወደዚያ አላየችም። እጇን ሻንጣው ላይ አሳረፈች፣ የውስጥ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ። ወደ እሱ አልዘረጋችውም። አልሰበሰበችውምም።

ታዋን እንደተንበረከከ በጉልበቱ ተጠጋ። ላቡ ያራሰውን ክር በሁለት ጣቶቹ አቃንቶ አንጓዋ ላይ አዞረው። የሚያስር ሰው እያሰረ ይመርቃል፤ እናቱ ክፉው ይውጣ፣ ደጉ ይግባ ብላው ነበር። አፉን ከፈተ። የመጣለት ምርቃት አልነበረም፤ አትሂጂ የሚል ቃል ነበር፤ ዋጠው።

«ክፉው ይውጣ፤» አለ በመጨረሻ። አንድ ቋጠረ። ሁለት ቋጠረ። ከክሩ ሥር የደም ሥሯ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ባጃጁ እንደገና ጮኸ፤ አሁን ሁለት ጊዜ።

«አታጥብቀው፤» አለች ሪን።

የክሩን ሁለት ጫፎች ይዞ ቆየ። ሳይጠብቅ የሚሰነብት ቋጠሮ እንዴት እንደሚታሰር ማንም አላሳየውም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስተኛውን ጀመረ።