የአሰልጣኟ ፍሬን

አሰልጣኟ ስንቱን ፈሪ ሹፌር አድርጋለች! ከባድ መኪና ሲመጣበት መሪውን ለቆ ዓይኑን ይጨፍን የነበረ ተለማማጅ እንኳ ከእሷ እጅ ወጥቶ ዛሬ አውቶቡስ ይነዳል። ባሏን ልትፈታ ፍርድ ቤት ስትቆም ግን እሷው ራሷ ደረቀች። ባለፈው ቀጠሮ ዳኛዋ "ልጃችሁ ከማን ጋር ትኑር?" ብለው ሲጠይቋት ምላሷ ተሳሰረ። ባልየው ምን ገዶት፣ "ዝም ያለችው ስለተስማማች ነው" አለ ፈገግ ብሎ። ዳኛዋ የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ።

ቤት ስትገባ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ምን ዓይነት እናት ነኝ? ልጄን በዝምታ ልሰጠው?"

"አትነፋረቂብኝ እስቲ" አለች እህትየው። "ከተጋባችሁ ጀምሮ ሲጮህብሽ ዝም ብለሽ ነው ያሳለፍሽው። ሰውነትሽ አሁንም አደጋ የመጣ መስሎት ያደርቅሻል፤ ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። ተለማማጅሽ መሃል መንገድ ላይ ሲደርቅ ትሰድቢዋለሽ?"

"ኧረ ምን በወጣው። ቀስ ብለህ ተንፍስ እለዋለሁ። ከዚያ የሚያደርገውን ጮክ ብሎ ይነግረኛል። አፉ ሲፈታ እጁም ይፈታል።"

"ታዲያ ለሰው የማትነፍጊውን ለራስሽ ምነው ነፈግሽ?"

ከዚያ ወዲህ አሰልጣኟ ጠዋት ጠዋት ባዶ መኪናዋ ውስጥ እየተቀመጠች "እጄ ቀዝቅዟል፣ ልቤ ይመታል፣ እተነፍሳለሁ" እያለች ራሷን ታሰለጥን ጀመር። የሚያያት ጎረቤት አበደች ቢል ይበል።

የቀጠሮው ቀን ባልየው ያንን የለመደበትን ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይቺ ሴትዮ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ነው የምትውለው" ሲል እጇ በረደ። ቀኝ እግሯም ጠረጴዛው ስር ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ረገጠ፤ ተለማማጅ ሲሳሳት በእሷ በኩል ያለውን ፍሬን እንደምትረግጠው። ያኔ ገባት። ልታስቆም የፈለገችው እሱን ነበር፤ የቆመችው ግን እሷ ናት።

"እግርሽን ከፍሬኑ አንሺ" አለች፣ ጮክ ብላ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ማንን ነው?" አሉ።

"ራሴን ነው፣ ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲጮህብኝ እደርቃለሁ። ያለፈው ዝምታዬም ከዚያ የመጣ ነው እንጂ መስማማት አይደለም። አሁን ግን እናገራለሁ።"

ተናገረች፣ እንዴት አድርጋ! ልጅቷ ጨለማ እንደምትፈራ፣ ማንበብ ሲከብዳት ሆዴን አመመኝ እንደምትል፣ ራሷም ልጅቷን ትምህርት ቤት ሳታደርስ ተለማማጅ እንደማትቀበል፣ አንድ በአንድ። ባልየው ሊያቋርጣት ሲል "ልጨርስ" አለችው፣ ሳትጮህ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረው ልጅቷ ማንበብ እንደሚከብዳት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ያ ወሬ አዋቂ በተራው ደረቀ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን እንድትጎበኝ ተወሰነ።

አሰልጣኟ እየበረረች ትምህርት ቤት ደረሰች። ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ እኔን ስጡኝ አልሻቸው?"

"አልኳቸው።"

"ጮክ ብለሽ?"

"ሁሉም እስኪሰማ፣ የኔ እናት።"