ግጥሙን የሰጠው ሰው

የሰደበኝ መሸሻ ነው። ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ኮልፌ ከገበያው በላይ፣ የአጎቱ ልጅ በተዳረችበት ዳስ ውስጥ። ሰው «ይኼን ሁሉ እስከ ዛሬ ምን ያስታውስሃል?» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

መሸሻ የቅቤና የማር ነጋዴ ነበር። ቤተሰቦቹ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እህቱ አልማዜ ሱቁ ውስጥ ትቀመጥ ነበር። እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ፤ አባቴም አያቴም ጎጃም ሳሉ ጀምሮ ማሲንቆ መቺዎች ናቸው። አልማዜን ወደድኳት፣ ሽማግሌ ላክሁ። «እናስብበት» ተባለ። ወር ሳይሞላ መሸሻ ራሱ «ለሠርጋችን ይምጣና ይጫወትልን» ብሎ ላከብኝ። እኔ ሞኙ ነገሩ የሰመረ መስሎኝ ሸሚዜን አሳጥቤ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ።

የአዝማሪ ወግ የታወቀ ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ቃሉን ሳይለውጥ በዜማ ያወጣለታል። መራጭ አይደለንም። ጆሮዬ የሰማውን አፌ ይወስደዋል፤ ልቤ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከልጅነቴ እንዲህ ሆኜ ተሠራሁ።

እና መሸሻ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተነሣ። ብሩን ምራቁን ቀብቶ ግንባሬ ላይ ለጠፈና «ተቀበል!» አለኝ።

«ሽማግሌ ልኮ እህቴን ቢለኝ፣
የማሲንቆው ጭራ ሳቄን አመጣብኝ።»

ተቀበልኩ! በገዛ አፌ፣ በገዛ ማሲንቆዬ ራሴን ሰደብኩ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ልቤ ሲደርስ ግጥሙ አልቆ ነበር። መሸሻ ይኼም አልበቃው፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «አያችሁ? አዝማሪ የራሱ አፍ የለውም። ብር ያሳየው ሁሉ የፈለገውን ያናግረዋል። ለዚህ ነው እህቴን የምሰጠው?» አለ። አልማዜ ከሙሽራዋ ኋላ ቆማ ነበር። ስቃ እንደሆነ አላየሁም፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ይኼ ይቆየን።

ከዚያ በኋላ ሠርግ ቤት መጫወት አስጠላኝ። የሰፈራችን ከፍተኛ አስተዳደር የኪነት ቡድን ማሲንቆ መቺ ሲፈልግ ገባሁ። እዚያም ቢሆን ሰው አልሆንኩም። ዘፋኟ ትርንጎ፣ በማይክራፎን ካልሆነ የማትዘፍነዋ፣ «አያ ማሲንቆ፣ እስቲ ወንበሩን አቀብለኝ» ትለኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ መሆኔን የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የመድረኩን ተራ ለሁሉም በወረቀት ትሰጥና ለእኔ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ማንበብ እችላለሁ እኮ! ይሁን።

ሰኔ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው። በሰሜን ጦሩ ተመታ የሚል ወሬ በሹክሹክታ ይወራል። ከተማው ውስጥ አፈሳው በርትቷል። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን እንደያዘ በካሚዮን ይጫናል። ኮልፌ ገበያ ውስጥ ወንድ ሻጭ ጠፍቶ፣ ሸክላውንም ብረታ ብረቱንም የሚሸጡት ሴቶች ሆነው ነበር። የመሸሻም ሱቅ እንደተዘጋ ሰምቻለሁ። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምን አገባኝ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኪነታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ማሰልጠኛ ተወሰደ። በማግስቱ የሚዘምት ጦር አለ፣ አዝናኑት ተባልን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የካሚዮን ጎን ተዘርግቶ መድረክ ሆነልን። ፊት ለፊታችን ያ ሁሉ ሰው ፀጉሩን ተላጭቶ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ገሚሱ የለበሰው ሸሚዝ ካኪ ነው፣ ሱሪው ግን ከቤቱ የመጣበት። አያጨበጭብ፣ አያወራ። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ማዶ ውሻ እንኳን አይጮህም።

ትርንጎ ሦስት የትግል ዘፈን ዘፈነች። እንደ ድንጋይ አዩዋት። የጦሩ ካድሬ ጓድ አምሐ፣ ቀበቶው ከሆዱ ሥር የወረደ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው፣ ወደ እኔ መጥቶ «ወንድሜ ይገዙ፣ እስቲ አንተ አነቃቃልኝ። እንዲህ አድርጌ ብሰዳቸው የእኔ ስም ነው የሚጠፋው» አለኝ።

ወጣሁ። ጭራውን ሙጫ አስነክቼ ደጋኑን ሳብ ሳደርግ አንዱ ቀና አለ። ሁለተኛው ቀና አለ። ከኋላ «ተቀበል!» ተባለ። አንዱ ለእናቱ ሰላምታ ሰጠኝ። አንዱ ያላገባትን ልጅ አደራ አለ። አንዱ ደግሞ ሽሮው ውሃ ሆነብን ብሎ ወጥ ቤቱን ሰደበ፣ ሳቁ። እኔም ሞቀኝ። እንዲያ የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ!

በዚያ ሙቀት ላይ ከመሀል «ተቀበል!» አለ አንድ ድምፅ። ያን ድምፅ ከሲኦልም ቢጠራኝ አውቀዋለሁ።

«እኛን እንደ ሙክት በመኪና ጭኖ፣
ካድሬው እዚህ ቀረ ቦርጩን ተማምኖ።»

አፌ ወሰደው። አንድ ጊዜ አወጣሁት። ወጉ ሁለት ጊዜ ነውና፣ ልቤ ሳይደርስ ደገምኩት። ጦሩ ያን ጊዜ ፈነዳ! ሰው ጭቃ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ሦስተኛውን እኔ ሳልሆን እነሱ ዘፈኑት። በሳቁ መሀል መሸሻን አየሁት። ራሱ ተላጭቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ያ የቅቤ ወዙ ጠፍቶ። እሱም አየኝ፤ ሳቁም ደረቀበት።

ጓድ አምሐ አልተቆጣም። አጨበጨበ። ፈገግ እንዳለ ለትርንጎ «ቀጥይ» አላት። እኔ የፈራሁት ማጨብጨቡን ነው።

ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ቆርቆሮ ቤት ናት። ሻይ አስመጣልኝ፣ ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ።

«ጥሩ ትጫወታለህ» አለ። «ግጥሙ ያንተ ነው?»

«የሕዝብ ነው ጓድ። እኛ የሰጡንን ነው የምንለው።»

«ሕዝብ ስም አለው። ማን ነው የሰጠህ?»

«ከብዙ ሰው መሀል ነው፣ አላየሁትም።»

«ወደ መሀል እያየህ ስትዘፍን እኔ ደግሞ አንተን ሳይህ ነበር» አለኝ። «ስማ ይገዙ፣ እኔ ባንተ ላይ ቂም የለኝም። ትናንት ጠዋት ከዛፉ ወዲያ ተኩስ ነበር። ሰፈራችሁ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ምን መሰለህ?»

«ልምምድ ነው ብለናል ጓድ።»

«አንድ ሰው ነው። ጦር ፊት አፉን ከፈተ። ነገ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲህ ይላል። ካልቆረጥነው አያልቅም።» ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «አፍህን አላስቸግርም። አሁን ይሰለፋሉ። እኔና አንተ በመሀላቸው እናልፋለን፣ እንደ ጉብኝት። ሰውየው ጋ ስትደርስ ቆም በል። አለቀ። በማግስቱ ራዲዮ ጣቢያ አስገባሃለሁ፣ ድምፅህ ይቀረጻል፣ አገር ይሰማሃል። ካልቆምክ ደግሞ ግጥሙ ያንተ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ወይ እዚህ ትቀራለህ፣ ወይ ከነሱ ጋር ትሄዳለህ፤ እንደ ስሜቴ ነው።»

ሻዩን አልጠጣሁም። 

ስንወጣ ተሰልፈው ቆመዋል። ጓድ አምሐ ከጎኔ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እየተራመደ ስለ አየሩ ያወራል። አንዱን «ጫማህ በቃህ?» ይለዋል፣ አንዱን «የየት አገር ሰው ነህ?» ይለዋል። እኔ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። ለምን እንደምዞር ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። ከእኔ ጋር የሳቁት ሁሉ አሁን መሬት መሬት ያያሉ።

የመጀመሪያው ሰልፍ አለቀ። የሁለተኛው መሀል ላይ መሸሻ አለ።

ገና ከሩቅ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እላለሁ! ያ ሁሉ ዓመት፣ በየሌሊቱ ስመልስለት የኖርኩት መልስ፣ በአንድ እርምጃ ሊያልቅ ነው። አፌን መክፈት እንኳን አያስፈልግም። ማንም አይፈርድብኝም፤ ታዝዤ ነው። ደግሞም ግጥሙን የሰጠው እሱ ነው፣ ሐሰት የለበትም።

እርምጃዬን ቀዘቀዝ አደረግሁ። ሆን ብዬ ነው። አንድ ሰው ሲቀረኝ ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።  «ወንድሜ» ያለ መሰለኝ፤ በዘመኑ እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴን እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። አባቴ በንጉሡ ጊዜ አንድ ባላባት ግብር ቤት ሲጫወት፣ ከበር በኩል አንድ ጭሰኛ ጌታውን የሚነካ ግጥም ሰጠው፣ ተቀበለው። «የሰጠህን አሳይ» ተባለ። ጀርባው ተገርፎ ተላጠ፣ አላሳየም። ጭሰኛው ዘመዱ አልነበረም፤ ስሙንም አያውቀውም። ቤታችን በሆዱ ተኝቶ እናቴ ቅቤ ስትቀባው «ብጠቁም ኖሮ ነገ ማን ደፍሮ ተቀበል ይለኛል?» ሲላት ሰምቼዋለሁ። እኔ ያን ጊዜ ሞኝ መስሎኝ ነበር።

እና ብቆም፣ መሸሻ ዳስ ውስጥ «የራሱ አፍ የለውም» ያለው እውነት ሊሆን ነው። ያን ጊዜ በብር፣ አሁን በራዲዮ። እሱ ሞቶም ልክ ሊሆንብኝ! ይኼን እንዴት ብዬ እሸከመዋለሁ? ደግነት እንዳይመስላችሁ። ልክ እንዲሆን አልፈለግሁም፣ በቃ።

አለፍኩት።

ሦስተኛውንም አራተኛውንም ሰልፍ ዞርን። ጓድ አምሐ ስለ አየሩ ማውራቱን ተወ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ቆሞ ፊቴን ትኩር ብሎ አየና «የለም?» አለ።

«የለም ጓድ።»

«ስለዚህ አንተ ነህ።»

ጭቃው ጠርዝ ላይ ወዳስቀመጥኳት ማሲንቆዬ ዞር አልኩ። 

ትንሽ አሰበ። የሞቴን ነገር እያሰበ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊቱ ግን ምሳ ምን ይሁን የሚል ሰው ፊት ነበር። በመጨረሻ «እንድታነቃቃልኝ ነበር የፈለግሁት» አለ። «እዚያ ላይም አንቂ ያስፈልጋል። ጠዋት የፊተኛው መኪና ላይ ትወጣለህ፣ ከነማሲንቆህ። ሰውየው ያው ከመኪኖቹ በአንዱ ላይ ነው ያለው። መንገዱ ረጅም ነው፣ አንዳችሁ መናገራችሁ አይቀርም።» ይኼን ብሎ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደ፤ ግን አልገባም። በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ።

ኪነቱ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ነው። ትርንጎ ከጋቢናው «አያ ይገዙ፣ አትመጣም እንዴ?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ መጥራቷ ነው። መኪናው አጠገብ የቆመ ወታደር «ይቀራል» ሲላት ገባትና መስኮቱን ዘጋች። መኪናው ወደ ኮልፌ አቅጣጫ ታጥፎ ሄደ፤ ድምፁ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ሰማሁት። ማሲንቆዬ ብቻ ከጭቃው ጠርዝ ቀርታለች።

ሰልፉ ተበትኖ ነበር። ማንም አይጠጋኝም። የምነካው ሰው ሁሉ ግጥሙን የሰጠው ሰው ሊመስል ነው፤ ያን ሁሉም አውቋል። ከአንድ ሰው በቀር።

መሸሻ ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ መጣ። ያን ሁሉ ክፍት ሜዳ! በዓይኔ «ተመለስ» አልኩት፣ አልገባውም። ደርሶ እጄን ያዘ። እያለቀሰ ነው።

«ይገዙ! ይገዙዬ! ለምን አልጠቆምከኝም?»

በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። ጓድ አምሐ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቷል።

«ያን ጊዜ ሰክሬ ነው» አለ መሸሻ። «የሠርጉ ጠጅ አስክሮኝ ነው። አልማዜም ስታለቅስ ነበር ያደረች፣ እመቤቴን! ይቅር ብለኸኛል? አንድ ቃል ብቻ በለኝ። አንተ ሰው፣ አንድ ቃል!»

አልማዜ አልቅሳ አድራ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ይኼን ሳልሰማ ኖሬ፣ አሁን፣ እዚህ ነገረኝ።

ጓድ አምሐ ከበረንዳው ወርዶ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ እኛ መምጣት ጀምሯል።

እጄን ከእጁ አላቀቅሁ። ማሲንቆዬን ከጭቃው አንሥቼ ጭራዋን በእጄ ጠረግኩ። መሸሻ አሁንም ይጠራኛል። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ መኪኖቹ ሄድኩ።