የእንግዳው ድምፅ

እንግዳው የሚሉት ሰው እንኳን ተቆጥቶ ተደስቶም ይጮሃል። በደርግ ጊዜ አብደራፊ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የኖረ ሰው ምን ያድርግ! ሞተሩ ጆሮውን በልቶታል። «ወጡ ጣፈጠ» ሲል ጎረቤት ጠብ ተነሣ ብሎ ይሮጣል። አሰበች የምትባል ሚስቱ መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ ኋላ ለመደችው፣ እንዲያውም ወደደችው። ማታ ከሰሊጡ ማሳ ሲመለስ ገና ከሩቅ ስሟን ይጠራል። ያ ዘመን በስንቱ ቢከፋም፣ ያች ጥሪ ዛሬም ትዝ ስትላት ሆዷ ይባባል።

ታዲያ በአጨዳው ሰሞን እናቷ እማማ ታይቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎጃም ወረዱ። እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፃቸው ወጣ አይባልም። በሳቸው አገር ትልቅ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ወይ ሰክሯል ወይ ንቋል።

እንግዳው አማቱን ሲያይ የሚሆነውን አጣ። ጉልበት ስሞ፣ እማማ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ አንቺ ውሃ አቅርቢላቸው እንጂ፣ እያለ አንባረቀ። ሴትዮዋ ክው አሉ። አሰበች ሳቀች፤ እናት ግን ሳቋን የፍርሃት ሳቅ አደረጉት። ይኼ ሰው ልጄን ቁም ስቅሏን እያሳያት ነው ብለው ደመደሙ።

ብታስረዳም ብትምልም አልተቀበሏት። ጨነቃትና ባሏን እባክህ ዝግ ብለህ ተናገር አለችው። ያ ደግሞ ባሰ! እሱ እንደሁ ራሱን አይሰማም፤ ድምፁን አፍኖ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ እንዴት አደሩ ሲላቸው ዛቻ መሰላቸው። የሚጮህ ውሻስ አይናከስም፣ ይኼ ግን ዝም ማለት ጀመረ፣ አሉ። ልጃቸውንም ተነሽ አገርሽ እንግባ አሏት። አሰበች ባሌን ጥዬ የትም አልሄድ አለች።

«እንግዲያ ምርቃቴን አትጠብቂ» አሉና ጓዛቸውን ሸከፉ።

የእናት ምርቃት ሳይኖር ትዳር ምን ይበጃል? አሰበች ሌሊቱን ስታለቅስ አነጋችው።

ጠዋት ሰሊጥ የጫነው ሎሪ ሊነሣ ሲል እማማ ጋቢና ገብተው ፊታቸውን አዞሩ። ሞተሩ ያጓራል። አሰበች መስኮቱ ሥር ቆማ ብትለምን፣ ብትለምን፣ ቃሏ አልደረሰም። ያን ጊዜ እንግዳው ጠጋ ብሎ እንደ ወትሮው ተናገረ።

«እማማ፣ ልጅዎን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት። ተቀይመውኝ አይሂዱብኝ።»

በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መካከል ድምፁ ልክ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ድምፅ ለስልሶ ደረሳቸው፤ ልመናውም ፍቅሩም ተሰማቸው። እማማ ዞረው አዩት፣ አዩት፣ ፊታቸውም ተፈታ። አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው አንድ ነገር ተናገሩ። የሳቸው ድምፅ መቼ ከሞተር ይበልጣል! ሎሪው ሄደ።

አሰበች የእንግዳውን እጅ ይዛ እናቴ ምን አለች፣ ምን አለች፣ ትላለች። ትራክተረኛ ማሳ ላይ ጓደኛውን የሚሰማው በጆሮው አይደለም፤ ከንፈር አይቶ ነው።

እማማ ታይቱ ዳግመኛ ቆላ አልወረዱም፤ በዓመቱ ክረምት ላይ አረፉ። በዕድሜያቸው ጮኸው የማያውቁት የእኒያ እናት የመጨረሻ ቃል ለልጃቸው የደረሳት በእንግዳው አፍ ነው፤ ያን ሎሪው የሄደ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፦

«ውለዱ፣ ክበዱ ብለውናል!»